ጥቁር መኪና ጭረትን ለምን አይደብቅም?

የዚህ ጽሑፍ አቅራቢ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ በነበረበት ዘመን በአዳማ ከተማ የአጎቱ ልጅ ሠርግ ነበር። ሙሽሮቹን እንድትወስድ የተመረጠችው የአጎቱ ጥቁር መኪና ስትሆን፣ እርስዋን አሰማምሮ የማቅረቡ ኃላፊነት ለእርሱ ተሰጠ። መኪናዋ ሌሊቱን ደጅ ስላደረች የአዳማ ነፋስ ያመጣው ስስ አቧራ ከኮፋኖዋ እስከ ኋላዋ ሸፍኗት ነበር። በዚያ ጠዋት ውኃ ስለ ጠፋ፣ ወጣቱ ደረቅ አቡጀዲ ይዞ ክብ እየሠራ በሙሉ ኃይሉ ወለወላት። በጥላ ሥር ሲያያት እንደ መስተዋት ታበራ ነበር። ከቀትር በኋላ ፎቶግራፍ አንሺው ሙሽሮቹን ከኮፋኖው አጠገብ ሲያቆማቸው ግን፣ የፀሐይ ብርሃን በወደቀበት ስፍራ ሁሉ እልፍ ጥቃቅን ጭረቶች በክብ በክብ ተሰልፈው የሸረሪት ድር መስለው ታዩ። አጎቱ ጎንበስ ብለው ሁለት ጊዜ አዩና አንዲት ቃል ሳይናገሩ ወደ እንግዶቻቸው ተመለሱ።

በማግስቱ መኪናዋ ወደ ፖሊሽ ሠሪ ተወሰደች። በተመለሰች ጊዜ ጭረቱ አልነበረም። በጸሐፊው አእምሮ የቀረው ጥያቄ የተፈጠረው ያን ጊዜ ነው። ጭረት ጉድጓድ ከሆነ ጉድጓዱ በምን ተሞላ? አዲስ ቀለም ካልተቀባ ጥቁረቱ ከየት ተመለሰ? ኋላ እንደተረዳው መልሱ ከጠበቀው ተቃራኒ ነበር። ጉድጓዱ አልተሞላም፤ በዙሪያው ያለው ሜዳ ነው ዝቅ ያለው። ጥቁረቱም መጀመሪያውኑ አልጠፋም ነበር። በዚህ ጽሑፍ ይህ እንዴት ሊሆን እንደሚችል፣ ከስምጥ ሸለቆ አቧራ ጋር ምን ግንኙነት እንዳለው፣ እንዲሁም ባለመኪናው ሳያውቀው የሚከፍለው ዋጋ ምን እንደሆነ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

ጭረቱ የሚገኘው የት ላይ ነው?

የዛሬ መኪና ገላ አንድ ወጥ ቀለም የተቀባ አይደለም። ከብረቱ ተነሥተን ወደ ውጭ ስንወጣ በመጀመሪያ ዝገትን የሚከላከል ልባስ፣ ቀጥሎ ገጹን የሚያስተካክል ልባስ፣ ከዚያም መልኩን የሚሰጠው የቀለም ልባስ፣ በመጨረሻም ቀለም የሌለው ግልጽ ልባስ እናገኛለን። አራቱ በአንድነት ውፍረታቸው አብዛኛውን ጊዜ ከ100 እስከ 150 ማይክሮሜትር ነው። አንድ ማይክሮሜትር የሚሊሜትር አንድ ሺህኛ መሆኑን ልብ ይሏል። የላይኛው ግልጽ ልባስ ብቻውን ከ35 እስከ 50 ማይክሮሜትር ገደማ ይሆናል። የሰው ጠጉር ውፍረት ከ50 እስከ 100 ማይክሮሜትር በመሆኑ፣ መኪናውን ከፀሐይና ከዝናብ የሚጠብቀው ይህ ልባስ ከአንዲት ጠጉር የሚቀጥን ነው ማለት ነው።

ነገሩ ሁልጊዜ እንዲህ አልነበረም። የፎርድ ኩባንያ እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1925 ሞዴል ቲ የተባለውን መኪና በጥቁር ቀለም ብቻ ሲያቀርብ፣ ቀለሙም አንጸባራቂውም ያው አንዱ ልባስ ነበር። ከቀለሙ በላይ ግልጽ ልባስ መደረብ በዓለም ላይ በሰፊው የተለመደው ከ1980ዎቹ ወዲህ ነው። ዛሬም ቢሆን አንዳንድ አሮጌ መኪናዎችና በየጋራዡ እንደገና የተቀቡ መኪናዎች ግልጽ ልባስ የላቸውም። መለያው ቀላል ነው፤ ከዓይን በተሰወረ ስፍራ በነጭ ጨርቅ ጥቂት ፖሊሽ አድርጎ ማሸት ነው። ጨርቁ ጥቁር ከሆነ የታሸው ራሱ ቀለሙ ነው፤ ጨርቁ ጥቁር ካልሆነ ግን ከላይ ግልጽ ልባስ አለ።

እንግዲህ ደረቅ ጨርቅ የሚተወው የሸረሪት ድር መሰል ጭረት የሚገኘው በዚህ በግልጹ ልባስ ላይ ነው። ጥልቀቱ ብዙውን ጊዜ ከጥቂት ማይክሮሜትር አያልፍም፤ ስለዚህ ከሥሩ ያለው ጥቁር ቀለም አልተነካም። እንደዚያ ከሆነ መኪናው አመድ የነፋበት መስሎ የሚታየው ለምንድን ነው?

ጥቁርና ነጭ በብርሃን ፊት

ብርሃን ከአየር ወጥቶ በግልጹ ልባስ ላይ ሲያርፍ ሁለት ዕድል ይገጥመዋል። ጥቂቱ ከገጹ ላይ ይንጸባረቃል፤ የቀረው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። የልባሱ የስብረት ጠቋሚ 1.5 ያህል ስለሆነ፣ ብርሃኑ በቀጥታ ከላይ ሲወርድ የሚንጸባረቀው መጠን በሚከተለው ስሌት ይገኛል። 1.5 ሲቀነስ 1 ለ1.5 ሲደመር 1 ይካፈልና ውጤቱ በራሱ ይባዛል፤ ይኸውም 0.04 ይሆናል። ከመቶው አራቱ ብቻ ተንጸባረቀ ማለት ነው። የቀረው 96 በመቶ ወደ ቀለሙ ይወርዳል።

ከዚህ በኋላ የነጭና የጥቁር መኪና ዕጣ ይለያያል። በነጭ ቀለም ውስጥ ያለው የታይታኒየም ኦክሳይድ ዱቄት የወረደለትን ብርሃን በየአቅጣጫው በትኖ ወደ ላይ ይመልሰዋል። በጥቁር ቀለም ውስጥ ያለው ግን በመሠረቱ ጥቀርሻ ነው፤ የአገራችን የብራና ጸሐፍት ጥቁር ቀለማቸውን ሲበጠብጡ ከሚጠቀሙበት ካርቦን ጋር አንድ ዘር ነው። ጥቀርሻ የወረደለትን ብርሃን ውጦ ወደ ሙቀት ይለውጠዋል። ስለዚህ ከጥቁር መኪና ወደ ዓይናችን የሚመለሰው ያ ከገጹ የተንጸባረቀው 4 በመቶ ብቻ ነው፤ እርሱም እንደ መስተዋት በአንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል። በሌላው አቅጣጫ የሚታየው ጥቁረት ነው።

አሁን ገጹ ተጭሮ ከብርሃኑ 1 በመቶው ያለ ሥርዓት ተበተነ እንበል። ነጩ መኪና አስቀድሞ 80 በመቶ ያህል ብርሃን እየበተነ ከነበረ 81 ይሆናል፤ ዓይናችን ይህን ልዩነት አይለየውም። በጥቁሩ መኪና ላይ ግን ምንም ብርሃን ባልነበረበት አቅጣጫ 1 በመቶ ብርሃን ብቅ አለ። በጨለማ ክፍል እንደ በራች ክብሪት ጎልቶ ይታያል። ነጩም ጥቁሩም መኪና በአንድ ጨርቅ ቢታሹ የሚደርስባቸው ጭረት እኩል ነው፤ ልዩነቱ ጥቁሩ የማይደብቀው መሆኑ ነው።

የክቦቹ እንቆቅልሽ

ብዙ ሰው ጭረቱን ክብ ሆኖ ሲያየው አጣቢው ክብ እየሠራ ስላሸ ብቻ ይመስለዋል። በእርግጥ ክብ እየሠሩ ማሸት የራሱን አሻራ ይተዋል። ሆኖም በፀሐይዋ ወይም በመንገድ መብራቱ ነጸብራቅ ዙሪያ የሚታየው የሸረሪት ድር ከዚህ የተለየ ምሥጢር አለው። ተመልካቹ ራሱን ወደ ግራ ቢያዘነብል ክቦቹ አብረውት ወደ ግራ ይሄዳሉ። እውነተኛ ክብ ጭረት ቢሆኑ ኖሮ ከቦታቸው አይነቃነቁም ነበር።

ምሥጢሩ ይህ ነው። በኮፋኖው ላይ በየአቅጣጫው የተጋደሙ በሺህ የሚቆጠሩ አጫጭር ጭረቶች አሉ። እያንዳንዱ ጭረት እንደ ጠባብ ቦይ ስለሆነ ብርሃንን የሚበትነው ወደ ጎንና ጎኑ እንጂ በርዝመቱ አይደለም። ስለዚህ ከሺዎቹ መካከል ወደ ዓይናችን ብርሃን የሚልኩት ከነጸብራቁ በሚነሣው መስመር ላይ አግድም የተኙት ብቻ ናቸው። እነዚያን ብቻ መርጠን ስናያቸው ነጸብራቁን የከበቡ ክቦች ይመስሉናል፤ የቀሩት አሉ፣ ነገር ግን አይታዩም። በደመናማ ቀን መኪናው ደኅና መስሎ በጠራራ ፀሐይ የሚያሳፍረውም በዚሁ ምክንያት ነው። የደመናው ብርሃን ከሰማዩ ሁሉ ስለሚመጣ ልዩነቱን ያጠፋዋል፤ ፀሐይ ግን እንደ አንዲት ነጥብ ሆና ታጋልጠዋለች። የፖሊሽ ባለሙያዎች ሥራቸውን በአንድ ጠንካራ መብራት ሥር የሚመረምሩት ስለዚህ ነው።

አቧራው ከየት መጣ?

ጨርቅ ብቻውን ግልጹን ልባስ አይጭርም። የሚጭረው በጨርቁና በልባሱ መካከል የተያዘው አቧራ ነው። የአዳማና የስምጥ ሸለቆ ከተሞች አቧራ ደግሞ እንደ ማንኛውም አቧራ አይደለም።

ከአዳማ በስተምሥራቅ የቦሰት፣ በባቱ አጠገብ የአሉቶ፣ በመተሐራ የፈንታሌ እሳተ ገሞራዎች ይገኛሉ። እነዚህና መሰሎቻቸው በረጅም ዘመናት የተፉት አመድና ፑሚስ አገሩን አልብሶታል። ፑሚስ አረፋ እንደ መታ የቀዘቀዘ ብርጭቆ ነው። ቀላልነቱ ለብሎኬት ማምረቻ፣ ጠባዩ ለሲሚንቶ ግብዓት አድርጎታል፤ ሸካራነቱ ደግሞ ለተረከዝ መፈግፈጊያ። ያው የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ አረፋ ሳይመታ ሲቀዘቅዝ ባልጩት ይሆናል። ከዝዋይ ሐይቅ በስተምዕራብ በጋዴሞታ የተገኙት የባልጩት መሣሪያዎች ከ270,000 ዓመታት በላይ ዕድሜ አላቸው። በዚያ ዘመን የነበሩ ሰዎች ለመቁረጫና ለመፋቂያ የመረጡት ድንጋይ፣ ፈጭተን ብናየው፣ ዛሬ በኮፋኖ ላይ ከሚያርፈው ብናኝ ጋር ዘመድ ነው።

ፍሬድሪክ ሞህስ እ.ኤ.አ. በ1812 ባዘጋጀው የጥንካሬ መለኪያ አልማዝ 10 ሲሆን ኳርትዝ 7፣ ፌልድስፓር 6፣ የእሳተ ገሞራ ብርጭቆ 5 ተኩል ያህል ናቸው። የመኪና ግልጽ ልባስ ግን ፖሊመር ነው። የቀለም ፋብሪካዎች ጥንካሬውን የሚፈትኑት ከ6ቢ እስከ 6ኤች በተደረደሩ እርሳሶች እየጫሩ ነው። በእርሳስ የሚፈተን ነገር በብርጭቆ ብናኝ ፊት እንደማይቆም ግልጽ ነው። በአማርኛ ማለስለሻውን ሸካራ ወረቀት «ብርጭቆ ወረቀት» ማለታችን በአጋጣሚ አይደለም፤ አቧራ የያዘ ጨርቅም ከዚያ ወረቀት የሚለየው በስም ብቻ ነው።

ጉዳቱን በቁጥር እንገምተው። አንድ ሰው ጨርቁን በ5 ኒውተን ኃይል፣ ማለትም ግማሽ ኪሎ ግራም በሚያህል ክብደት ተጫነ እንበል። ኃይሉን የተሸከሙት 100 የአቧራ ቅንጣቶች ቢሆኑና የእያንዳንዳቸው ጫፍ ስፋት 10 ማይክሮሜትር በ10 ማይክሮሜትር ቢሆን፣ በእያንዳንዱ ጫፍ ሥር የሚፈጠረው ግፊት 500 ሚሊዮን ፓስካል ይሆናል። ይህ ከከባቢ አየር ግፊት 5,000 ጊዜ ያህል ይበልጣል። በቀላል እጅ ማሸት ጭረትን የማያስቀረው ለዚህ ነው፤ ትልቁን ጉዳት የሚያደርሰው የእጁ ጉልበት ሳይሆን የቅንጣቷ ጫፍ ማነስ ነው።

ነፋሱም አለ። በአዳማ አጠገብ ባሉት ኮረብቶች ላይ የተተከሉት የነፋስ ኃይል ማመንጫዎች፣ አዳማ 1 በ51 ሜጋዋት፣ በ2007 ዓ.ም. የተመረቀው አዳማ 2 ደግሞ በ153 ሜጋዋት አቅም፣ ስፍራው ምን ያህል ነፋሻ እንደሆነ ይመሰክራሉ። በበጋ ወራት ያ ነፋስ የደረቀውን መሬት ብናኝ እያነሣ በየመኪናው ላይ ያሳርፈዋል። ጠዋት የተወለወለ መኪና ማታ እንደገና አቧራ ይለብሳል፤ ባለቤቱም እንደገና ጨርቅ ያነሣል።

ሊስትሮና ፖሊሽ ሠሪ

ብዙዎቻችን «ፖሊሽ» ሲባል በዓይነ ሕሊናችን የሚመጣው ሊስትሮ ነው። ሊስትሮው በጫማው ላይ ሰምና ቀለም ይጨምራል፤ ቅባቱ የቆዳውን ቀዳዳና ስንጥቅ ይሞላል፤ በብሩሽ ሲመታም ያበራል። የሊስትሮ ሥራ መጨመር ነው። የመኪና ፖሊሽ ግን በትክክለኛ ትርጉሙ መቀነስ ነው። ቢላ በመሳያ ድንጋይ ላይ በተሳለ ቁጥር እንደሚሳሳ ሁሉ፣ ግልጹም ልባስ በተወለወለ ቁጥር ይሳሳል።

በፖሊሽ ቅባት ውስጥ ያሉት እጅግ የደቀቁ ጠንካራ ቅንጣቶች ናቸው። ዋናው አሉሚኒየም ኦክሳይድ ሲሆን በሞህስ መለኪያ ጥንካሬው 9 ነው። እዚህ ላይ አንባቢ ሊደነቅ ይችላል፤ ከአቧራው ይበልጥ የጠነከረ ነገር እንዴት ጭረትን ያጠፋል? ልዩነቱ በጥንካሬው ሳይሆን በመጠኑና በሥርዓቱ ነው። ቅንጣቶቹ ከሞላ ጎደል እኩል ናቸው፤ ብዛታቸው እጅግ ስለበዛ ኃይሉን ይካፈሉታል፤ በቅባት ውስጥ ስላሉም በቀላሉ ይንሸራተታሉ። ስለዚህ እያንዳንዷ ቅንጣት የምትቆርጠው እጅግ ትንሽ ነው። አቧራና ፖሊሽ የአንድ ሥራ ሁለት ገጽታዎች ናቸው፤ አንደኛው ሥርዓት አለው፣ ሌላው የለውም።

ይህን ያስተዋለው አይዛክ ኒውተን ነበር። እ.ኤ.አ. በ1704 ባሳተመው ስለ ብርሃን በሚናገረው መጽሐፉ፣ ብርጭቆን በዱቄት ማወልወል ሸካራነቱን ማጥፋት ሳይሆን ጭረቱን እያሳነሱ ከዓይን መሰወር መሆኑን አስረድቷል። ዛሬ ለዚህ ልክ ልንሰጠው እንችላለን። የሚታይ ብርሃን የሞገድ ርዝመት ከ0.4 እስከ 0.7 ማይክሮሜትር ነው። በገጹ ላይ የቀሩት ሸካራነቶች ከዚህ ርዝመት እጅግ ካነሱ፣ ብርሃኑ እንዳልነበሩ ቆጥሮ ያልፋቸዋል፤ አይበተንምም። የተወለወለ ገጽ ጭረት የሌለው ገጽ አይደለም፤ ብርሃን ሊያየው የማይችለው ጭረት ያለው ገጽ ነው።

ሥራው እንዴት ይከናወናል?

ሥራው የሚጀምረው በጥላ ሥር ነው። በጠራራ ፀሐይ የቆመ ጥቁር መኪና ገላ ሙቀቱ ከ60 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ሊበልጥ ይችላል፤ በዚህ ሙቀት ልባሱ ይለሰልሳል፣ ቅባቱም ሥራውን ሳይጨርስ ይደርቃል። በመጀመሪያ መኪናው በሚገባ ይታጠባል፤ የቀረች አንዲት የአሸዋ ቅንጣት በማሽኑ ሥር ከገባች ሥራውን ሁሉ ታበላሻለችና። ከዚያ እያንዳንዱ ጭረት በጥፍር ይፈተሻል። ጥፍር በላዩ ሲሄድ ካልያዘው ጭረቱ ስስ ነው፤ ከያዘው ግን ጥልቅ በመሆኑ እርሱን ለማጥፋት የሚከፈለው የልባስ ዋጋ ይበዛል፤ ቢቀር ይሻላል።

ባለሙያው ሙሉውን መኪና ከመንካቱ በፊት በአንዲት ትንሽ ስፍራ፣ በለሰለሰው ስፖንጅና በደቀቀው ቅባት ይሞክራል። ያ ከበቃ ወደ ሸካራው አይሄድም። ካልበቃ ሸካራውን ተጠቅሞ በመጨረሻ በደቀቀው ይዘጋል። ማሽኑ የሚሠራው ክንድ በክንድ በሚያህል ስፍራ ላይ፣ አንድ ጊዜ ወደ ጎን፣ አንድ ጊዜ ወደ ቁመት በቀስታ እየተመላለሰ ነው። በአንድ ማዕከል ብቻ የሚሽከረከረው ማሽን ፈጥኖ ይቆርጣል፤ ልምድ በሌለው እጅ ግን ልባሱን ያግላል፣ በጥቁር መኪና ላይም በፀሐይ የሚንቀሳቀስ ጥላ መሰል አሻራ ይተዋል። እየተሽከረከረ የሚወዛወዘው ማሽን ይዘገያል፤ ስሕተትን ግን ይታገሣል። ጠርዞችና ሹል መታጠፊያዎች ላይ ልባሱ ስስ ስለሆነ ማሽኑ በእነዚያ ላይ አይቆምም።

እዚህ ላይ አንባቢ ሊጠነቀቅ የሚገባው ነገር አለ። በገበያ ላይ «ፖሊሽ» ተብለው ከሚሸጡት አንዳንዶቹ የሊስትሮ ሥራ የሚሠሩ ናቸው፤ ጭረቱን በዘይትና በሰም ይሞሉታል እንጂ አያጠፉትም። የሰምና የዘይት የስብረት ጠቋሚ ለ1.5 የቀረበ ስለሆነ፣ ቦዩ ከተሞላ በኋላ ብርሃን በሁለቱ መካከል ያለውን ድንበር አያውቀውም፤ ጭረቱም ይሰወራል። ጥቂት ጊዜ በሳሙና ሲታጠብ ግን ተመልሶ ብቅ ይላል። ሥራው እንዳለቀ ጥቂት ውኃ የተቀላቀለበት አልኮል በለስላሳ ጨርቅ ማሳለፍ እውነቱን ያወጣል። ይህን ስንል ሰም አያስፈልግም ማለታችን አይደለም። ሰም ለመከለያነት ጠቃሚ ነው። የንብ ሰም ከ62 እስከ 65 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ ስለሚቀልጥ ለጥቁር ኮፋኖ ሙቀት ብቻውን አይበቃም፤ ከብራዚል ዘንባባ ቅጠል የሚገኘው የካርናውባ ሰም ግን እስከ 82 ዲግሪ ገደማ ይጸናል። ለመኪና ሰም የተመረጠበት አንዱ ምክንያት ይህ ነው።

የማይተካው ጥቂት ማይክሮሜትር

አሁን ወደ ዋናው ነገር ደርሰናል። ግልጹ ልባስ የተቀመጠው ለውበት ብቻ አይደለም። በውስጡ ልዕለ ሐምራዊ ጨረርን የሚውጡ ውሑዶች አሉ፤ ከሥሩ ያለውን ቀለም ከመንጣትና ከመላጥ የሚጠብቁት እነርሱ ናቸው። አዳማ ከባሕር ወለል በላይ ከ1,600 ሜትር ባላነሰ ከፍታ ላይ ትገኛለች። ከፍታ በ1,000 ሜትር በጨመረ ቁጥር ልዕለ ሐምራዊው ጨረር ወደ 10 በመቶ ይጨምራል። በተጨማሪም ከተማዋ ከምድር ወገብ በስተሰሜን 8 ዲግሪ ተኩል ያህል ላይ ስለሆነች፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ መጀመሪያና በነሐሴ ማብቂያ ገደማ፣ በቀትር አናት ላይ ትቆማለች። የልባሱ ጠላት እዚህ ብርቱ ነው።

ለምሳሌ ያህል 40 ማይክሮሜትር ግልጽ ልባስ ያለው መኪና በየዓመቱ በሸካራ ፖሊሽ ቢወለወልና በእያንዳንዱ ጊዜ 4 ማይክሮሜትር ቢያጣ፣ በ5 ዓመት ውስጥ ግማሹ ያልቃል። ከግማሽ በታች የሆነ ልባስ ደግሞ በሚሠራበት ዘመን ሁሉ በቂ መከለያ አይሆንም። ኮፋኖዋና ጣሪያዋ ነጭ ቅርፊት እያነሣ የሚላጥ መኪና በየመንገዱ አይተን እናውቃለን። ጎኖቿ ደኅና ሆነው ላይዋ የተላጠው ፀሐይዋ በቀጥታ የሚወርድባት እዚያ ስለሆነ ነው። በዚያ ደረጃ ፖሊሽ አይረዳም፤ ያለው መፍትሔ ገፎ እንደገና መቀባት ብቻ ነው።

በአገራችን ይህ የቅንጦት ጉዳይ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይዝ ታክስ አዋጅ በአሮጌ መኪናዎች ላይ የጣለው ቀረጥ በዕድሜያቸው እየጨመረ ከዋጋቸው እስከ 500 በመቶ የሚደርስ ነበር። መኪና በቀላሉ የማይለወጥበት አገር ሲሆን፣ አንድ ቀለም ከአንድ ባለቤት ወደ ሌላው እየተላለፈ ብዙ ዓመት መኖር አለበት። በዚህም ምክንያት ልባሱን እንደ ተቀማጭ ገንዘብ ማየት ይገባል፤ ወጪ እንጂ ገቢ የሌለው ተቀማጭ ነው።

ሳይጭሩ ማጠብ

ከላይ ከተባለው አንድ ነገር ይከተላል። ጭረትን ከማጥፋት ይልቅ አለመፍጠር ይረክሳል። በየላቫጆው የሚሠሩት ወጣቶች፣ ከእነርሱም መካከል ለትምህርታቸው የሚሆን ገንዘብ የሚያጠራቅሙ ተማሪዎች አሉ፣ ወረፋው ሲበዛባቸው የሚቸኩሉበት ምክንያት ይገባናል። ነገር ግን የሚከተሉት ጥንቃቄዎች ከጥቂት ደቂቃ በላይ አይጨምሩም።

አንደኛ፣ አቧራ የለበሰ መኪና በደረቅ ጨርቅ ወይም በላባ መጥረጊያ ፈጽሞ አይነካም። ሁለተኛ፣ ጨርቅ ከማሳረፍ በፊት ውኃ ከላይ ወደ ታች በብዛት ይወርዳል፤ አሸዋው ያለ እጅ እንዲሄድ ነው። ሦስተኛ፣ ሁለት ባልዲ ይዘጋጃል፤ አንደኛው የሳሙና፣ ሁለተኛው ንጹሕ ውኃ። ስፖንጁ ወደ ሳሙናው ከመመለሱ በፊት በንጹሑ ውኃ ይለቀለቃል። አንድ ባልዲ ብቻ ከሆነ አሸዋው ተመልሶ ወደ መኪናው ይሄዳል። አራተኛ፣ እጥበቱ ከጣሪያ ተጀምሮ በታችኛው ክፍል ይፈጸማል፤ ለጎማና ለታችኛው ክፍል የዋለ ጨርቅ ኮፋኖ አይነካም። አምስተኛ፣ መሬት የወደቀ ጨርቅ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ይቆጠር። ስድስተኛ፣ እጅ ክብ አይሥራ፤ በቀጥታ መስመር ይሂድ።

በመጨረሻም መኪናው በፀሐይ እንዲደርቅ አይተው። በስምጥ ሸለቆ የከርሰ ምድር ውኃ ከእሳተ ገሞራ አለቶች የሟሟ ማዕድን ይበዛበታል፤ የአካባቢውን ሰዎች ጥርስ የሚያበላሸው ፍሎራይድ የሚመጣውም ከእነዚሁ አለቶች ነው። ውኃው ሲተን ማዕድኑ በጥቁሩ ገጽ ላይ ነጭ ቀለበት ሆኖ ይቀራል። ከኖራ መሰል ማዕድን የሆነው ቀለበት በቀላል ኮምጣጤ ሊለቅ ይችላል፤ የሲሊካ ቀለበት ግን አይለቅም። እርሱን ለማስለቀቅ እንደገና ወደ ፖሊሽ መሄድ፣ ማለትም እንደገና ከልባሱ መክፈል ይሆናል።

እስቲ ይሞክሩት

መኪና የሌለው አንባቢ ይህን ሁሉ በቤቱ ሊያየው ይችላል። አንድ አሮጌ ሲዲ ይውሰዱና ጽሑፍ የሌለበትን ገጽ ከመንገድ ዳር አቧራ ባነሣ ደረቅ ጨርቅ በቀጥታ መስመር፣ በየአቅጣጫው ይሹት። ክብ አይሥሩ። ክፍሉን አጨልመው የስልክ መብራት ያብሩበት፤ ክብ ሳይሠሩ ክቦች ያያሉ። ራስዎን ሲያዘነብሉ ክቦቹ ይከተሉዎታል። ቀጥሎ ግማሹን በጥቂት የጥርስ ሳሙናና በእርጥብ ጨርቅ ለ5 ደቂቃ ይሹ፤ የጥርስ ሳሙናም የደቀቀ ማወልወያ ዱቄት አለበትና። ያጥቡትና ሁለቱን ወገኖች ያነጻጽሩ። በመጨረሻ በቀረው ግማሽ ላይ አንዲት ጠብታ የምግብ ዘይት ይቀቡ። ጭረቱ ይጠፋል፤ በሳሙና ሲያጥቡት ይመለሳል። በዚህ አንድ ሲዲ ላይ መቀነስንና መሙላትን ለይተው አዩ ማለት ነው።

ጠቅለል አድርገን ስናየው፣ ጥቁር መኪና ላይ የሚታየው ጭረት የቀለም ማጣት ሳይሆን የብርሃን መበተን ነው፤ ፖሊሽም ቀለም መስጠት ሳይሆን ልባስ መውሰድ ነው። በዓመታት መካከል አንድ ጊዜ፣ በደቀቀ ቅባትና በታገሠ እጅ ቢሠራ ጠቃሚ ነው፤ በየሠርጉና በየበዓሉ ቢሠራ ግን መኪናውን ቆዳውን ይገፈዋል። ያች የአጎት ጥቁር መኪና ከዚያ ሠርግ በኋላ ለብዙ ዓመታት አገልግላለች። በደረቅ ጨርቅ ዳግመኛ አልተነካችም፤ ውኃ በጠፋ ቀንም አቧራዋን እንደለበሰች ትወጣ ነበር።